የአራት መቶዎቹ ዘር የት ገባ? የካቶሊክ ሰፋሪዎች የቤተሰብ ታሪክ በበጌምድርና በሜሪላንድ

በመጋቢት 1634 (ዓመቶቹ ሌላ ካልተባለ በስተቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) «አርክ» እና «ደቭ» የተባሉ ሁለት የእንግሊዝ መርከቦች በዛሬዋ አሜሪካ ሜሪላንድ ከተባለው ምድር ደረሱ። በመርከቦቹ ላይ በአገራቸው በሃይማኖታቸው የተጨቆኑ የእንግሊዝ ካቶሊኮች ከሌሎች ሰፋሪዎች ጋር ተሳፍረው ነበር። በዚያው ሰሞን ዐፄ ፋሲለደስ ኢየሱሳውያን የተባሉትን የካቶሊክ ሚሲዮናውያን ከኢትዮጵያ እያስወጣ ነበር። አሜሪካ የካቶሊክ ሰፋሪ ስትቀበል ኢትዮጵያ የካቶሊክን ምዕራፍ ዘጋች ማለት ነው። ይሁን እንጂ በኢትዮጵያ የተዘጋው የሚሲዮናውያኑ ምዕራፍ እንጂ የሰፋሪዎቹ አልነበረም። ከመቶ ዓመት ገደማ በፊት የመጡ፣ አገሬውን አግብተው የወለዱ፣ መሬት ይዘው የኖሩ የፖርቱጋል ወታደሮች ልጆችና የልጅ ልጆች ያኔ ገና እዚሁ ነበሩ። የሜሪላንድ ሰፋሪዎች ተወላጆች ዛሬ የቅድመ አያቶቻቸውን ስም ከነልደት ቀኑ ይቆጥራሉ። በጣና ዙሪያ፣ በደብረ ታቦር አካባቢ፣ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ግን «ከፖርቱጋሎቹ ወታደሮች እወለዳለሁ» ብሎ ትውልዱን በማስረጃ የሚያወርድ ቤተሰብ ማግኘት እጅግ ከባድ ነው። ለምን? የተለመደው መልስ «ተባረሩ፣ ዘራቸውም ጠፋ» የሚል ነው። ይህ ዳሰሳ የሚከራከረው በተቃራኒው ነው። የጠፋው ዘሩ ሳይሆን ዘሩን ለይቶ ለመቁጠር የሚያበቃው ምክንያት ነው። የቤተሰብ ታሪክ በደም ብቻ አይቆይም፤ የሚያቆየው መሬት፣ ስምና መዝገብ ነው፤ እነዚህ ሦስቱ ደግሞ በሁለቱ አገሮች የሠሩት በተለያየ መንገድ ነበር።

መነሻው የታወቀ ነው። በ1541 ክረምት የቫስኮ ዳ ጋማ ልጅ ክሪስቶቫዎ ዳ ጋማ 400 ጠመንጃ የያዙ ወታደሮችን እየመራ ከምጽዋ ወደ ደጋው ወጣ፤ አብረውት ባሮችና የእጅ ባለሙያዎችም ነበሩ። የመጡት የኢማም አሕመድን ጦር ለመቋቋም እርዳታ የጠየቀውን የክርስቲያን መንግሥት ለማገዝ ነበር። እቴጌ ሰብለ ወንጌል ተቀበለቻቸው፤ በ1542 የመጀመሪያዎቹ ወራት በትግራይ ድል ቀናቸው፤ በነሐሴ ወር ግን ወፍላ ላይ ተሸነፉ፤ ክሪስቶቫዎም ተማርኮ ተገደለ። የተረፉት ከዐፄ ገላውዴዎስ ጋር ተቀላቅለው በየካቲት 1543 ከጣና በስተምሥራቅ ወይና ደጋ ላይ በተደረገው ውጊያ ኢማሙ ወደቀ። በዚያ ጊዜ ከአራት መቶዎቹ በሕይወት የቀሩት ከግማሽ በታች ነበሩ። ከእነርሱ አንዱ ሚጌል ዴ ካስታንዮዞ በ1544 አገሩ ለመግባት መርከብ አገኘ፤ ያየውንም ጽፎ መጽሐፉ በ1564 ሊዝበን ላይ ታተመ። ብዙዎቹ ጓደኞቹ ግን ቀሩ። ካስታንዮዞ የጻፈው የዘመቻ ታሪክ ነው፤ ከእርሱ በኋላ የቀሩት ሰዎች ሕይወት የቤተሰብ ታሪክ ሆነ፤ ያንን ታሪክ ደግሞ ከመካከላቸው አንድም ሰው አልጻፈውም።

ቀርቶ መውለድ በእነዚህ ወታደሮች አልተጀመረም። የፖርቱጋል ንጉሥ የላከው ፔሮ ዳ ኮቪልያ በ1490ዎቹ መጀመሪያ ኢትዮጵያ ገብቶ የመመለስ ፈቃድ ተከለከለ። በ1520 ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ያገኘው በአገሩ ቋንቋ የሚግባባ፣ መሬት የተሰጠው፣ አገሬውን አግብቶ ልጆች ያፈራ ትልቅ ሰው ሆኖ ነው። ኮቪልያ በፖርቱጋል የተዋት ሚስትም ነበረችው። መልእክተኞቹ ሲመለሱ እርሱ መሄድ ስላልተፈቀደለት እዚህ የወለደውን ልጁን ከወርቅ ጋር አደራ ብሎ ወደዚያችው ሚስቱ ላከ፤ ልጁ ግን መንገድ ላይ ሞተ። በዚህ አንድ ታሪክ ውስጥ የጠቅላላው ጉዳይ መልክ ይታያል። ልጁ ወደ ፖርቱጋል ቢደርስ ኖሮ የቤተሰብ ስምና መዝገብ ያለው ዘር ይሆን ነበር። እዚህ የቀሩት ወንድሞቹና እኅቶቹ ደግሞ መሬት፣ እናትና የእናት ዘመድ እንጂ እንደ ፖርቱጋሎቹ ከልጅ ወደ ልጅ የሚተላለፍ የቤተሰብ ስም አልነበራቸውም። አልቫሬዝ የአባቱን ስምና ታሪክ በዝርዝር አስቀምጦልናል፤ የኢትዮጵያዊቷ እናት ስም ግን በመጽሐፉ ቦታ አላገኘም። ይህ ክፍተት በኋላ በሚመጣው የሰፋሪዎች ታሪክ ሁሉ ይደጋገማል።

ከ1543 በኋላ የቀሩት ወታደሮች በነገሥታቱ ፈቃድ መሬት ተሰጣቸው፤ የንጉሡ ነፍጠኛ ጦር ሆነው አገለገሉ፤ ከትግራይ እስከ ጣና ዙሪያና ጎጃም ተበተኑ። ሃይማኖታቸውን የሚጠብቅ ቄስ ግን አልነበራቸውም ማለት ይቻላል። በ1557 የኢየሱሳውያኑ ጳጳስ አንድሬስ ዴ ኦቪዬዶ ጥቂት ጓደኞቹን ይዞ ገባ። ገላውዴዎስ በትዕግሥት አከራከረው፤ ወንድሙ ሚናስ ሲነግሥ ግን ሁኔታው ተለወጠ። የኢየሱሳውያኑ ጽሑፎች እንደሚሉት ሚናስ የፖርቱጋሎቹን ኢትዮጵያውያን ሚስቶችና ልጆች በላቲን ሥርዓት እንዳይኖሩ ከለከለ። ይህ እገዳ ለዚህ ዳሰሳ ትልቅ ትርጉም አለው። መንግሥቱ ባልየውን በሃይማኖቱ ሊተወው ይችላል፤ ሚስቱንና ልጁን ግን የራሱ ሰው አድርጎ ይቆጥራል። ገና በመጀመሪያው ትውልድ ላይ የሰፋሪው ቤት ለሁለት ተከፈለ፤ አባት ከባሕር ማዶ፣ እናትና ልጆች ከአገር። ኦቪዬዶ በ1577 አድዋ አጠገብ በፍሬሞና ሞተ፤ ጓደኞቹም አንድ በአንድ አልፈው የመጨረሻው በ1597 ሲሞት ሰፋሪዎቹ ለጥቂት ጊዜ ያለ ቄስ ቀሩ። ቄስ ከሌለ የጥምቀትና የጋብቻ መዝገብ የለም። ልጆቹም እናቶቻቸው በሚሳለሙት ደብር ከአገሩ ልጆች ጋር አደጉ።

በ1603 ኢየሱሳዊው ፔድሮ ፓኤዝ ሲመጣ ያገኛቸው ሰዎች ኢትዮጵያ ውስጥ የተወለዱ ክልሶች ነበሩ። አለቃቸው ጆዋዎ ገብርኤል ይባል ነበር፤ የአገሩን ቋንቋና ትምህርት የሚያውቅ ስለነበር ለፓኤዝ የታሪክ ሥራ ዋና መረጃ ሰጪ ሆነ። ስሙን ልብ እንበል፤ ግማሹ የፖርቱጋል፣ ግማሹ በየትኛውም የበጌምድር ሰበካ የሚሰማ ስም ነው። የስሙ የመጀመሪያ ክፍል በሚቀጥለው ትውልድ ቢቀር ልጁን ከጎረቤቱ የሚለየው አንዳች ነገር አይኖርም። ከዚያ በኋላ ያለው የታወቀ ነው። ዐፄ ሱስንዮስ በ1622 የካቶሊክን እምነት በይፋ ተቀበለ፤ ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴዝ በ1625 መጥቶ በ1626 ንጉሡና መኳንንቱ ለሮም መታዘዛቸውን በመሐላ አረጋገጡ፤ የአገሩ ቄሶች እንደገና እንዲካኑ፣ ሕዝቡ እንደገና እንዲጠመቅ፣ ጾምና በዓላት እንዲለወጡ ተሞከረ። ላስታ አመፀ፤ በጌምድር ታመሰ፤ መልክአ ክርስቶስ በላስታ ነገሠ። በሰኔ 1632 የሱስንዮስና የመልክአ ክርስቶስ ጦር ወይና ደጋ ላይ ተጋጥመው የላስታ ገበሬ እንደ ቅጠል ረገፈ፤ ምንጮቹ ሟቾቹን እስከ 8,000 ያደርሷቸዋል። መኳንንቱ ሬሳውን እያሳዩ፣ እነዚህ የራስህ ወገን የሆኑ ክርስቲያኖች ናቸው፣ ይህ ድል ለማን ይበጃል ብለው ንጉሡን ወቀሱት። ሱስንዮስም በዚያው ወር የቀድሞው ሃይማኖት እንዲመለስ አወጀና መንግሥቱን ለልጁ ለፋሲለደስ አስረከበ። በ1543 በወይና ደጋ የሰፋሪዎቹ አባቶች የአገር ባለውለታ ሆነው ነበር፤ ከ89 ዓመት በኋላ ደግሞ ስሙ ያው ወይና ደጋ የልጆቻቸውን እምነት የደም ዋጋ የተከፈለበት ጉዳይ አደረገው።

ኢየሱሳውያኑ ሲባረሩ ሰፋሪዎቹ ወዲያው አልተባረሩም። የመጨረሻው ውሳኔ የመጣው በፋሲለደስ ልጅ በዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን፣ በ1660ዎቹ መጨረሻ ጎንደር ላይ በተደረገ ጉባኤ ነው። ጉባኤው እስላሞችና ቤተ እስራኤል ከክርስቲያኑ ተለይተው እንዲኖሩ ወሰነ፤ አፍርንጅ ለተባሉት ለሰፋሪዎቹ ተወላጆች ደግሞ ሁለት መንገድ ሰጣቸው፦ ወይ የአገሩን እምነት ተቀብሎ መኖር፣ ወይ በዛሬዋ ሱዳን በሚገኘው በስናር በኩል አገር ለቆ መሄድ። «ተባረሩ» የሚለው የተለመደ አነጋገር የዚህን ውሳኔ ግማሹን ብቻ ይዟል። አዋጁ ያባረረው እምነቱን ያልተወውን ነው። የተወው ቀርቷል፤ የቀረው ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ በዜና መዋዕል የሚጠራበት ስም የለውም። ዜና መዋዕል ጸሐፊ ሰውን የሚጠቅሰው ሲሾም፣ ሲያምፅ ወይም ሲለይ ነው። እንደ ጎረቤቱ የሆነ ሰው ለዜና መዋዕል ወሬ አይሆንም። ስለዚህ ከጉባኤው በኋላ ያለው ዝምታ የሰዎቹን መጥፋት አያስረዳም፤ የሚያስረዳው መመሳሰላቸውን ነው።

እንዴት ተመሳሰሉ የሚለውን ለመረዳት የአገሩን የመሬት ሥርዓት ማየት ግድ ነው። በበጌምድር ሁለት ዓይነት የመሬት መብት ነበር። ጉልት ንጉሡ ለአገልጋዩ የሚሰጠው ግብር የመሰብሰብ መብት ነው፤ አገልግሎቱ ሲያበቃ ወይም ንጉሡ ሲቆጣ ይነቀላል። ርስት ግን ከአቅኚ አባት በትውልድ የሚወርድ ነው፤ ንጉሥም በቀላሉ አይነካውም። ፖርቱጋሎቹ ለጠመንጃቸው የተቀበሉት በመሠረቱ የመጀመሪያውን ነው። የንጉሡ ፊት ሲዞር፣ ሃይማኖቱ ሲለወጥ፣ ጦሩ ሲበተን አብሮ የሚሄድ መብት ነው። ርስት ያላቸው ሚስቶቻቸው ነበሩ። የአማራ ርስት ደግሞ በአባትም በእናትም ስለሚወረስ የሰፋሪው ልጅ በእናቱ በኩል ሙሉ ባለርስት ሊሆን ይችላል። ከዚህ በመነሣት የሚከተለው ነገር ምክንያታዊ ነው፦ በጉባኤው ምርጫው ሲቀርብ አንዱ ወገን የሚያቀርበው የአያት ሃይማኖትና ስናር የሚያደርስ የበረሃ መንገድ ሲሆን፣ ሌላው ወገን የሚያቀርበው የእናት መሬት፣ የእናት ዘመድና የእናት ደብር ነው። አብዛኛው ሰው የቱን እንደሚመርጥ ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም።

ርስት ትውልድን እንዴት እንደሚያስቆጥር ጠጋ ብሎ ማየት ይጠቅማል፤ ክርክሩ የሚቋጨው እዚህ ላይ ነውና። አንድ የእስቴ ወይም የስማዳ ገበሬ «ከዚህ መሬት ድርሻ አለኝ» ብሎ ሲቀርብ ሽማግሌዎች ፊት ተነሥቶ መውረድ አለበት፦ አቅኚው እገሌ እገሌን ወለደ፣ እገሌ እገሊትን ወለደ፣ እገሊት እኔን ወለደች። አንዱ ቀለበት ከተበጠሰ ክሱ ይወድቃል። ወንድም ሴትም በሐረጉ ይገባሉ፤ ዋናው ነገር የሐረጉ ጫፍ አቅኚውን መንካቱ ነው። አሁን አንድ የሰፋሪ የልጅ ልጅ ልጅ በዚህ ሸንጎ ቆመ እንበል። ወደ አቅኚው የሚያደርሰው የእናቱ መስመር ነው፤ የፖርቱጋሉ ወታደር ስም ለክሱ አንዳች አይጨምርለትም። ጭራሽ ተከራካሪው «የፈረንጅ ዘር ነህ፣ እዚህ ምን አለህ» እንዲለው በር ይከፍታል። የሚጠቅመውን ስም ያስታውሳል፤ የማይጠቅመውን ይጥላል። በዚህ ላይ የጋብቻ ሕግ አለ፤ ዘመድ እንዳይጋባ እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል፤ ከሰባት ቤት በኋላ ያለውን ለማስታወስ የሚያስገድድ ነገር የለም። አንድ ትውልድ በ30 ዓመት ቢሰላ ሰባት ቤት 210 ዓመት ነው። በ1543 የሰፈረ አያት በ18ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ከጋብቻ ቆጠራ ወጥቷል፤ ከርስት ቆጠራ ደግሞ ቀድሞውኑ አልገባም።

ይህን ከሜሪላንድ ጋር ስናነጻጽር ልዩነቱ የጭቆና መጠን እንዳልሆነ ግልጽ ይሆናል። የሜሪላንድ ካቶሊኮችም ተጨቁነዋል። በ1649 የወጣው የመቻቻል ሕግ ዕድሜው አጭር ነበር፤ ከ1689 የፕሮቴስታንቶች አመፅ በኋላ የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን የመንግሥት ሃይማኖት ሆነች፤ በ1704 ቄሶች በአደባባይ እንዳይቀድሱ ተከለከለ፤ በ1718 ካቶሊኮች የመምረጥ መብታቸውን ተነጠቁ። ቅዳሴው በየቤቱ ገባ። መሬታቸው ግን በእጃቸው ቀረ። መሬቱ በአባት ስም የተመዘገበ፣ በኑዛዜ የሚተላለፍ፣ በፍርድ ቤት መዝገብ የሚገኝ ነው። በ1688 የመጣው ቻርልስ ካሮል መብቱን ቢነጠቅም ርስቱንና ስሙን ለልጁ አወረሰ፤ የልጅ ልጁ በ1776 የአሜሪካን የነጻነት መግለጫ ከፈረሙት መካከል ብቸኛው ካቶሊክ ሆነ፤ የዚያው ዘመድ የነበረው ጆን ካሮል በ1789 የአገሩ የመጀመሪያ ካቶሊክ ጳጳስ ሆኖ ተሾመ። በሜሪላንድ መሬትና የአባት ስም አንድ ላይ ስለተጓዙ እምነቱም አብሮ ተጓዘ። በበጌምድር መሬት በእናት፣ የውጭ ስምና እምነት በአባት በኩል ስለመጡ ሁለቱ ተለያዩ፤ ሲለያዩ ደግሞ መሬት አሸነፈ።

የሜሪላንድ መዝገብ ግን የሰፋሪዎቹን ታሪክ ብቻ አይደለም ያቆየው። ኢየሱሳውያኑ እዚያ በባሪያ የሚታረስ ሰፊ እርሻ ነበራቸው፤ በ1838 ከእነዚህ ባሮች 272ቱን ለሉዊዚያና ባለእርሻዎች ሸጡ፤ ከገንዘቡም የጆርጅታውን ኮሌጅ ዕዳ ተከፈለ። የተሸጡት ሰዎች በስምና በዕድሜ ስለተዘረዘሩ ባለፉት ዓመታት ተወላጆቻቸው አያቶቻቸውን እየለዩ መጥተዋል። የነዚህ ሰዎች የቤተሰብ ታሪክ የተገኘው እንደ ንብረት ስለተቆጠሩ ነው፤ ይህ መራራ እውነት ነው። ስለዚህ መዝገብ ያለው ቤተሰብ ሁሉ የተከበረ፣ መዝገብ የሌለው ሁሉ የጠፋ ብሎ መደምደም አይቻልም። መዝገብ የሚያሳየው ማን ለምን ዓላማ ሊቆጥር እንደፈለገ ነው። የክሪስቶቫዎ ጦር ይዟቸው የመጣቸው ባሮችም ከጌቶቻቸው ጋር እዚሁ ቀርተው ይሆናል፤ እነርሱን ደግሞ ፖርቱጋሎቹም ኢትዮጵያውያኑም ሊቆጥሩ አልፈለጉም።

እዚህ ላይ ሦስት ተቃውሞዎች ሊነሡ ይችላሉ። የመጀመሪያው «ዘሩማ በመልኩ ይታያል» የሚለው ነው። በበጌምድር ቀይ ቆዳ ያለው ሰው ወይም የኖራ ግንብ በታየበት ሁሉ «ፖርቱጋሎች» የሚል ወሬ አይጠፋም። ዘር ከልጓም ይስባል ቢባልም መልክ ግን ምስክርነቱ ደካማ ነው። በዚህ አገር ከፖርቱጋሎቹ በፊትም በኋላም ግሪኮች፣ አርመኖች፣ ዐረቦችና ቱርኮች ኖረዋል፤ የአገሬው የራሱ መልክም ከጠይም እስከ ቀይ ሰፊ ነው። ግንቡም ቢሆን አያስረዳም። በእንፍራዝ ያለው የጉዛራ ግንብ በዐፄ ሠርፀ ድንግል ዘመን፣ ፓኤዝ ከመምጣቱ በፊት የተሠራ ሲሆን፣ የጎንደር ታላቁ ግንብ ደግሞ ኢየሱሳውያኑን ያባረረው የፋሲለደስ ነው። ከ2000ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የስፔን አርኪዮሎጂስቶች በአዘዞ፣ በጎርጎራ፣ በደንቀዝና በሌሎች ቦታዎች ያካሄዱት ጥናት የሚሲዮናውያኑን ሕንፃዎች አሠራር በሚገባ አሳይቷል። ግንብ ግን ማን እንዳሠራው እንጂ ማን ከማን እንደተወለደ አይናገርም።

ሁለተኛው ተቃውሞ የዘመኑ ነው፦ «በዘረመል ምርመራ ይለይ»። ስሌቱን እንይ። ከ1541 እስከ ዛሬ ከ480 ዓመት በላይ አልፏል፤ በ30 ዓመት ሲከፈል 16 ትውልድ ገደማ ነው። ማንኛችንም ሰባት ቤት ስንወጣ 128 አያቶች አሉን፤ 16 ትውልድ ስንወጣ የአያቶች ቦታ 65,536 ይደርሳል። ከእነዚህ አንዱ የሊዝበን ወታደር ቢሆን የሚቀረው ድርሻ ከምርመራ የሚያመልጥ ኢምንት ነው። ሳይቋረጥ ከአባት ወደ ወንድ ልጅ የወረደ መስመር ካለ ምልክቱ ሊቆይ ይችላል፤ ግን የሜዲትራንያን ምልክት ሁሉ የፖርቱጋል አይደለም። ይልቅ ስሌቱ ሌላ ነገር ያስተምራል። እነዚያ ሰዎች ከወለዱና ልጆቻቸው አገሬውን ካገቡ፣ ከዚያ ሁሉ ትውልድ በኋላ ዘራቸው የጥቂት ቤተሰብ ሳይሆን እጅግ የብዙ ሰው ሊሆን ይችላል። የሁሉም የሆነን ነገር ደግሞ አንድ ቤተሰብ ለብቻው «የኔ» ሊለው አይችልም።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሁሉም ጠንካራው ነው፦ «አልተረሳም፣ ሆን ተብሎ ተደበቀ» የሚል። እውነት አለበት። በሱስንዮስ ዘመን ደም የፈሰሰው እዚሁ በደጃፍ ነው፤ ኢየሱሳውያኑን ለመተካት የመጡት ካፑቺን የተባለው የካቶሊክ ማኅበር ሁለት መነኮሳት በ1638 ጎንደር ላይ ተሰቅለዋል፤ በእንዲህ ያለ ዘመን «የአፍርንጅ ልጅ ነኝ» ማለት አደጋ ነበር። ነገር ግን ፍርሃት የሚያስረዳው አንድ ወይም ሁለት ትውልድ ነው። ከዚያ በኋላም በድብቅ ተይዞ ቢቆይ ኖሮ ፍርሃቱ ሲያልፍ ብቅ ባለ ነበር። በ1839 የካቶሊክ ሚሲዮናዊው ዩስቲኖስ ዴ ያቆቢስ በሰሜን ካቶሊክነትን እንደገና ሲሰብክ ከሰፋሪዎቹ የወረደ የተደበቀ ምእመን አልጠበቀውም፤ ሥራውን የጀመረው እንደ አዲስ ነው። የዛሬዎቹ የኢትዮጵያ ካቶሊኮች፣ በ2015 የተቋቋመውን የባሕር ዳርና ደሴ ሀገረ ስብከት ጨምሮ፣ መነሻቸው የዚህ ኋለኛ ዘመን ስብከት ነው። የተደበቀ ነገር የሚጠብቀው ይፈልጋል፤ ለመጠበቅ ደግሞ ጥቅም ወይም ሥርዓት ያስፈልጋል።

ሥርዓት ካለ ግን በዚሁ አገር ትውልድ ከዚያ በላይ ሊቆጠር እንደሚችል የሚያሳይ ማስረጃ እዚያው ጋይንት ውስጥ አለ። የቤተልሔም የድጓ ምስክር ቤትና የዙር አባ የዝማሬ መዋሥዕት ጉባኤ መምህር ከመምህር እየተቀበለ የወረደበትን ሐረግ ይይዛሉ። በቤተ ክርስቲያን ትውፊት የድጓን ምልክት ያደላደሉት አዛዥ ገራና አዛዥ ራጉኤል በዚያው በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን የነበሩ ሊቃውንት ናቸው፤ የሠሩትም ከስማዳ ማዶ በሳይንት በምትገኘው በተድባበ ማርያም ነው ይባላል። ፖርቱጋሎቹ ወታደሮችና እነዚህ ሊቃውንት የአንድ ንጉሥ ሰዎች ነበሩ። የሊቃውንቱ ስም በየዘመኑ ተማሪ አፍ ላይ አለ፤ የወታደሮቹ የለም። ምክንያቱ ድጓውን ለማስመስከር የመምህሩን ሐረግ መጥራት ያስፈልጋል፤ መሬት ለማግኘት ግን የወታደሩን ስም መጥራት አያስፈልግም። በቃል የወረደ ትውልድ አምስት መቶ ዓመት ሊሻገር ይችላል፤ ሥራ ካለው።

በጥናቱ በኩል ያለው ጉድለትም ከዚሁ ይመነጫል። ስለ ኢየሱሳውያኑ የተጻፈው ብዙ ነው። ግርማ በሻህና መርዕድ ወልደ አረጋይ በ1964 በአብያተ ክርስቲያናቱ ኅብረት ጥያቄ ላይ ያሳተሙት መጽሐፍ፣ ከዚያም በዚህ ክፍለ ዘመን የኤርቬ ፔኔክ፣ የሌዎናርዶ ኮኸንና የአንድሬው ማርቲኔዝ ሥራዎች ሚሲዮኑን ከነስልቱ መርምረዋል። ዋናው ምንጫቸው የሚሲዮናውያን ደብዳቤ ስለሆነ ታሪኩ በ1630ዎቹ፣ ደብዳቤው ሲቋረጥ አብሮ ይሳሳል። በሌላ በኩል አላን ሆበን በጎጃም ርስት፣ ዶናልድ ክራሚ በጎንደር ዘመን የመሬት ሰነዶች ላይ የሠሩት ሥራ ቤተሰብ በመሬት በኩል እንዴት እንደሚጠና መንገዱን አሳይቷል። ሁለቱ የጥናት ዘርፎች ግን እምብዛም አልተገናኙም። የሰፋሪዎቹ ልጆች ያሉት ደግሞ በሁለቱ መካከል ነው፤ በብራና ጠርዝ ላይ በተጻፉ የሽያጭ፣ የውርስና የስጦታ ውሎች ውስጥ፣ አፍርንጅ ተብለው ሳይሆን የእገሊት ልጅ ተብለው።

ስለዚህ የአራት መቶዎቹን ዘር የሚፈልግ ሰው የፖርቱጋል ስም ፍለጋውን ትቶ ከእናቶቹ ቢጀምር ይሻለዋል። ይህም ለዚህ አንድ ታሪክ ብቻ የሚጠቅም አይደለም። የመሬት ላራሹ አዋጅ በየካቲት 1967 ዓ.ም. ርስትን ሲሽር የበጌምድር ገበሬ ትውልዱን በአባትም በእናትም እንዲያወርድ የሚያስገድደውን ትልቁን ምክንያት አብሮ ሻረ። ዛሬ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ የርስት ክርክር በአባቶቻቸው ሸንጎ ሲደረግ የሰሙ ሽማግሌዎችና ባልቴቶች ጥቂት ናቸው። ፖርቱጋሎቹ ወታደሮች የሌላ ሰው ታሪክ ይመስሉ ይሆናል፤ ስማቸውን የበላው ሕግ ግን፣ የሚያስቆጥር ምክንያት ያጣ ትውልድ ይረሳል የሚለው ሕግ፣ አሁን የሚሠራው በገዛ አያቶቻችን ላይ ነው። ቀድሞ ርስት ያስቆጥር የነበረውን ዛሬ የሚያስቆጥረው ብዕር ብቻ ነው፤ ሲጻፍም የአባቱ ወገን ብቻ ከተጻፈ አልቫሬዝ ከአምስት መቶ ዓመት በፊት የተወውን ክፍተት እንደገና እንተወዋለን።